ልጃገረዶችን የተቀበለ ማደሪያ፦ ከካቶሊክ ደናግል ትምህርት ቤት እስከ ይፋት ቆላ

በሰሜን ሸዋ ዞን ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ሸዋ ሮቢት፣ የጣርማ በርን ተራራና ደብረ ሲናን ተሻግሮ ወደ ቆላ ለሚወርድ መንገደኛ የይፋት ምድር ዋነኛዋ ከተማ ናት። የሮቢ ወንዝ በሚያጠጣው ሜዳዋ ሽንኩርት፣ ማሾና ፍራፍሬ ይመረታል። በአካባቢዋ አማራ፣ አርጎባ፣ ኦሮሞና አፋር በገበያና በጋብቻ ተሳስረው ይኖራሉ። በየዓመቱ መስከረም ላይ በከተማዋ ከገበያው ሌላ አንድ እንቅስቃሴ ይታያል፤ ከገጠር ቀበሌዎች የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ለመከታተል የሚመጡ ተማሪዎች ክፍል ይከራያሉ። አንዱን ክፍል ለሁለት ወይም ለሦስት ይካፈሉታል። ስንቃቸውን በሳምንት አንድ ቀን፣ ብዙውን ጊዜ በገበያ ቀን፣ ከቤተሰባቸው ያመጣሉ። ከመካከላቸው ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው።

እነዚህ ተማሪዎች በመዝገብ ላይ የቀን ተመላላሽ ተብለው ይመዘገባሉ። በተግባር ግን አዳሪዎች ናቸው። ልዩነቱ የሚያድሩበትን ቤት የሚቆጣጠር፣ ማታ የሚያስጠና፣ ሲታመሙ ወደ ጤና ጣቢያ የሚወስድ ኃላፊ የሌላቸው መሆኑ ነው። ልጃገረዶችን ከትምህርት ቤቱ ጋር በተያያዘ ማደሪያ አኑሮ የማስተማር ልምድ በኢትዮጵያ ከአንድ መቶ ዓመት የሚበልጥ ዕድሜ አለው። ልምዱ ከማን እንደተጀመረና እነማንን እንደጠቀመ ማየት ዛሬ በወረዳና በዞን ደረጃ ለሚነሱ ጥያቄዎች ይረዳል።

በአገራችን አዳሪ ተማሪ መሆን ለወንዶች አዲስ ነገር አልነበረም። የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ ከትውልድ ቀየው ርቆ ከጉባኤ ወደ ጉባኤ ሲዘዋወር ኖሯል። ከዜማ ቤት ወደ ቅኔ ቤት፣ ከቅኔ ቤት ወደ መጻሕፍት ቤት በሚደረገው ጉዞ ተማሪው የሚኖረው በየኔታ ደጃፍ በሠራት ጎጆ፣ የሚመገበውም ከምእመናን በሚለምነው ቁራሽ ነበር። በይፋትና በወሎ ደግሞ ደረሳው ቁርኣንና የፊቅህ ትምህርት ፍለጋ ከአንዱ ሼህ ወደ ሌላው እየተጓዘ በሐሪማው አቅራቢያ ያድር ነበር። ሁለቱም ሥርዓቶች ልጁ ከቤቱ ወጥቶ በባዕድ አገር ሲያድር ኅብረተሰቡ እንዲመግበውና እንዲያከብረው ያደርጉ ነበር።

ለሴት ልጅ ግን ይህ መንገድ ዝግ ነበር። ጠለፋ በሚፈራበት፣ ልጃገረድ በአሥራዎቹ መጀመሪያ ለባል በምትታጭበት ዘመን ሴት ልጅ እየለመነች ከጉባኤ ወደ ጉባኤ ልትሄድ አትችልም ነበር። «አዳሪ» የሚለው ቃል ራሱ ለወንድ ሲነገር የትምህርት ጉዞን፣ ለሴት ሲነገር ግን ሐሜትን ያስከትል ነበር። በቤተ ክህነት ትምህርት ስማቸው የሚነሳ ጥቂት ሴቶች ዕድሉን ያገኙት ትምህርቱ ቤታቸው ድረስ ስለመጣላቸው ነው። በጎጃም የታወቁት የቅኔ መምህርት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ የተማሩት ከአባታቸው ነበር። አባቷ መምህር ያልሆነ ልጅ የምትማርበት ስፍራ አልነበራትም ማለት ይቻላል።

የካቶሊክ ሚሲዮናውያንም ወደ አገራችን ሲገቡ በመጀመሪያ የተቀበሉት ወንዶችን ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከቀይ ባሕርና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ወደ ሸዋ ከሚያስገቡት የነጋዴ መንገዶች ዋነኛው የአፋርን በረሃ አቋርጦ በይፋት ቆላ፣ በፋሬና በአልዩ አምባ በኩል ወደ አንኮበር የሚወጣው ነበር። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የመጡት ሚሲዮናውያንና የእንግሊዝና የፈረንሳይ መልእክተኞች በዚሁ መንገድ ተጉዘዋል። አባ ማስያስ በሚል ስም የሚታወቁት ጣሊያናዊው የካፑቺን ጳጳስ ጉልየልሞ ማሳያ እ.ኤ.አ. በ1868 ሸዋ ገብተው በደብረ ብርሃን አጠገብ በምትገኘው ልቼ በንጉሥ ምኒልክ ዘንድ ተቀባይነት አገኙ፤ ፊንፊኔ ላይም የሚሲዮን ጣቢያ መሠረቱ። እ.ኤ.አ. በ1879 በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ትእዛዝ ከአገር እስኪወጡ ድረስ ያስተማሯቸውና በጣቢያቸው ያሳደሯቸው በዋናነት ወንዶች ልጆች ነበሩ። ወንድ መነኮሳት በሚኖሩበት ግቢ ልጃገረዶችን ማሳደር በቤተ ክርስቲያኒቱም ሥርዓት፣ በአገሬውም ባህል የማይታሰብ ነበር። ስለዚህ የሴቶች ትምህርት ቤት እንዲከፈት ደናግል መምጣት ነበረባቸው።

የቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖል የፍቅር ሥራ ልጆች የሚባሉት ፈረንሳውያን ደናግል እ.ኤ.አ. በ1878 በዛሬዋ ኤርትራ ከረን ገቡ። በዛሬዪቱ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ግን ቀዳሚዋ ሐረር ናት። የማሳያ ተተኪ የሆኑት ጳጳስ ቶሪን ካኛ እ.ኤ.አ. በ1881 ሐረር ከሰፈሩ በኋላ፣ በዚያው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ላይ የካሌ ፍራንሲስካውያን ደናግል ወደ ከተማዋ መጡ። በአካባቢው አባ እንድርያስ ተብለው የሚታወቁት ጳጳስ አንድሬ ዣሮሶ ከ1900 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሚሲዮኑን ሲመሩ፣ የደናግሉ ሥራ የልጃገረዶችን ትምህርት፣ የወላጅ አልባ ሕጻናትን ማሳደጊያና የሕሙማንን እንክብካቤ ያካተተ ነበር። ጳጳሱ በልጅነታቸው ልጅ ተፈሪ መኮንንን ካስተማሩት አንዱ በመሆናቸው በአገራችን የትምህርት ታሪክ ስማቸው ደጋግሞ ይነሳል። ልጃገረዶችን ያስተማሩት ደናግል ግን በታሪክ መጻሕፍት ሲጠቀሱ ብዙ ጊዜ በማኅበራቸው እንጂ በየግል ስማቸው አይደለም።

የደናግል ትምህርት ቤት አሠራር በሐረር የተፈጠረ አይደለም። በጣሊያን ብሬሻ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1535 በአንጀላ ሜሪቺ የተመሠረተው የኡርሱሊን ማኅበር ልጃገረዶችን ማስተማርን ዋና ሥራው ያደረገ ቀደምት የሴቶች ማኅበር ነው። ማኅበሩ በፈረንሳይ ሲስፋፋ ትምህርት ቤቱ ሁለት በር ያለው ሆነ። በአንደኛው በር ክፍያ የሚከፍሉ የባለጸጋ ልጆች አዳሪ ሆነው ይገባሉ፤ በሌላው በር ደግሞ የከተማው ድሆች ልጆች ያለ ክፍያ ቀን ቀን እየተመላለሱ ይማራሉ። የአዳሪዎቹ ክፍያ የመምህራኑን ቀለብና የቤቱን ወጪ ስለሚሸፍን ተመላላሾቹ በነጻ መማር ይችሉ ነበር። እነዚሁ ደናግል እ.ኤ.አ. በ1639 ባሕር ተሻግረው በካናዳ ኬቤክ ትምህርት ቤት ሲከፍቱ የፈረንሳውያን ሰፋሪዎችንና የነባር ሕዝቦችን ልጆች ተቀብለዋል።

በአፍሪካ ይህ አሠራር ሦስተኛ ወገን ተጨመረበት። ወላጅ የሌላቸው ልጃገረዶች ከአዳሪዎቹ ጎን በአንድ ግቢ ውስጥ ያድጉ ጀመር። በዚህ መልክ አንድ የደናግል ግቢ ከፋይ አዳሪ፣ ከከተማ የምትመላለስና ወላጅ አልባ ልጃገረድ የሚገናኙበት ስፍራ ሆነ። ግንኙነቱ ሁልጊዜ እኩል ነበር ማለት አይቻልም። በብዙ አገሮች ከፋዮቹ ቋንቋና ሙዚቃ ሲማሩ ወላጅ አልባዎቹ ስፌትና የቤት ሥራ ይማሩ ነበር። የሆነ ሆኖ ሦስቱም ፊደል ቆጥረዋል።

በኢትዮጵያ ልጃገረዶችን ማሳደር የመንግሥት ጉዳይ እስኪሆን ብዙ ዓመታት አለፉ። በ1900 ዓ.ም. የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤትም ሆነ በ1917 ዓ.ም. የተመረቀው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት የወንዶች ነበሩ። ለውጡ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1931 እቴጌ መነን በራሳቸው ወጪ በስማቸው የሚጠራውን የልጃገረዶች ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ሲከፍቱ ነው። የአምባሰሉ ጃንጥራር አስፋውና የወይዘሮ ስሂን ሚካኤል ልጅ የሆኑት እቴጌይቱ ትውልዳቸው ከይፋት አጎራባች ከሆነው ከወሎ ነው።

ትምህርት ቤቱ በቤተ መንግሥት የተመሠረተ ቢሆንም በአሠራሩ ከደናግል ትምህርት ቤት ብዙ የወረሰ ነበር። የመጀመሪያዋ ዳይሬክተር ፈረንሳዊት ሲሆኑ፣ ትምህርቱም በዋናነት በፈረንሳይኛ ይሰጥ ነበር። ከመደበኛው ትምህርት ጎን ስፌትና የቤት አያያዝ ይሰጥ የነበረ ሲሆን፣ ልጃገረዶቹም በግቢው ውስጥ ያድሩ ነበር። ወላጆች ልጆቻቸውን ለማደር የሰጡት ግቢው የእቴጌይቱ በመሆኑ ነው ቢባል ስህተት አይሆንም። በሐረር የደናግል ቆብና መስቀል የሰጠውን ዋስትና በአዲስ አበባ የእቴጌይቱ ስም ሰጥቷል። ሁለቱም «ልጄ የምታድረው በማን ጥበቃ ነው?» ለሚለው የወላጅ ጥያቄ መልስ ነበራቸው።

የፋሺስት ወረራ ሥራውን አቋረጠው። ከነጻነት በኋላ ትምህርት ቤቱ ዳግም ሲደራጅ በዳይሬክተርነት ከመሩት መካከል ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ይገኙበታል። በስዊዘርላንድ የተማሩት፣ በወረራው ዘመን በአርበኝነት ተሰልፈው በጣሊያን የታሰሩት ወይዘሮ ስንዱ እ.ኤ.አ. በ1957 የመጀመሪያዋ ሴት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባል ለመሆን በቅተዋል። ትምህርት ቤቱ በርካታ መምህራንን፣ ነርሶችንና የመንግሥት ሠራተኞችን አፍርቷል።

ይሁን እንጂ ከነጻነት በኋላ በነበሩት ዓመታት መንግሥት የከፈታቸው የአዳሪ ትምህርት ቤቶች በአመዛኙ ወንዶችን የተቀበሉ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1943 ኮተቤ ላይ የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና በ1946 የተከፈተው የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ከየጠቅላይ ግዛቱ ጎበዝ ተማሪዎችን መርጠው ምግብ፣ ልብስና መኝታ እየሰጡ በነጻ አስተምረዋል። ከይፋትም ሆነ ከሌላ ቆላማ አውራጃ የመጣ ወንድ ልጅ ውጤቱ ጥሩ ከሆነ በእነዚህ ትምህርት ቤቶች አልጋ ሊያገኝ ይችል ነበር። ለእህቱ የቀረበላት ዕድል ግን እጅግ የጠበበ ነው። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የተከፈተውን የናዝሬት ትምህርት ቤትን የመሳሰሉ የካቶሊክ የልጃገረዶች ትምህርት ቤቶች ከፍተኛ ጥራት ያለው ትምህርት ቢሰጡም የሚገኙት በአዲስ አበባና በጥቂት ትላልቅ ከተሞች ነበር። ከአብዮቱ በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት የካቲት 12 ተብሎ ተሰየመ፤ ሁለቱንም ጾታ የሚያስተምር መደበኛ ትምህርት ቤትም ሆነ።

የልጃገረዶች ማደሪያ በገጠር ልጅ ሕይወት ላይ የሚያመጣውን ለውጥ ለመረዳት የጎረቤት ኬንያ ታሪክ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። የኒየሪ ገበሬዎች ልጅ የነበረችው ዋንጋሪ ማታይ በ11 ዓመቷ በማታሪ የካቶሊክ ሚሲዮን የኮንሶላታ ደናግል በሚመሩት በቅድስት ሴሲሊያ አዳሪ ትምህርት ቤት ገባች። ከዚያም በሊሙሩ የሎሬቶ ልጃገረዶች ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1959 ሁለተኛ ደረጃን አጠናቀቀች። በዚያ ዘመን ማደሪያ ባይኖር ኖሮ አንዲት የኪኩዩ ገበሬ ልጅ በየዕለቱ ተመላልሳ ትማራለች ተብሎ አይጠበቅም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማትን ያገኘች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት ለመሆን የበቃችው ይህችው ተማሪ ናት። በኡጋንዳም አየርላንዳዊቷ ፍራንሲስካዊት እናት ኬቪን የመሠረቱት የናማጉንጋ የልጃገረዶች አዳሪ ትምህርት ቤት በአገሪቱ ስመ ጥር ከሆኑት አንዱ ነው። በሁለቱም አገሮች ማደሪያዎቹ የተሠሩት ከዋና ከተማ ውጭ፣ ተማሪዎቹ በሚገኙበት ገጠር መሆኑን ልብ ይሏል። በእኛ አገር የሴቶች ማደሪያ በዋና ከተማዋ ዙሪያ ተወስኖ መቆየቱ ብዙ ዋጋ አስከፍሏል።

ወደ ይፋት ስንመለስ የመማሪያ ክፍል ጉዳይ ካለፉት ሠላሳ ዓመታት ወዲህ በእጅጉ መሻሻሉ አይካድም። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በገጠር ቀበሌዎች ተስፋፍቷል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግና በ1995 ዓ.ም. የጸደቀው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜን 18 ዓመት አድርገዋል። ችግሩ የሚጀምረው ከ8ኛ ክፍል በኋላ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚገኘው በከተማ ወይም በትልቅ የገጠር ማዕከል ስለሆነ፣ ከገደሉ ሥር ወይም ከአፋር ወሰን አጠገብ የምትኖር ልጅ በየዕለቱ ልትመላለስ አትችልም። ቤተሰቡ ከሦስት አንዱን ይመርጣል፤ ክፍል መከራየት፣ ከዘመድ ቤት ማስጠጋት ወይም ትምህርቱን ማስቆም።

ከዘመድ ቤት የምትጠጋ ልጅ ውሃ መቅዳቱ፣ እንጀራ መጋገሩና ሕጻን መያዙ ስለሚጠብቃት ለጥናት የሚተርፋት ሰዓት ጥቂት ነው። የተከራየችው ደግሞ ከኪራዩና ከስንቁ በተጨማሪ ያለ ጠባቂ የመኖር ሥጋት አለባት። ስንቅ ካለቀባት እስከሚቀጥለው ገበያ ቀን በጾም ልትውል ትችላለች፤ በቆላው ወባ ስትያዝም የሚያስታምማት አብራት የምትማረው ጓደኛዋ ናት። ወላጅ ይህን ሁሉ ሲያሰላ ጋብቻን እንደ መጠጊያ ይቆጥረዋል። ሕጉ የሚከለክለውን ጋብቻ የሚያስመርጠው ብዙውን ጊዜ የመኝታ ጉዳይ መሆኑ በሴቶች ጉዳይ ሪፖርቶች ላይ ሊሰጠው የሚገባውን ያህል ትኩረት አላገኘም።

ባለፉት ዓመታት የደረሰው የጸጥታ ችግር ሁኔታውን አክብዶታል። በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ አጣዬና አካባቢዋ በግጭት ተቃጥለዋል። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ድረስ ደርሶ ነበር። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ የተፈጠረው ግጭትም በርካታ ትምህርት ቤቶችን ከሥራ ውጭ አድርጓል። መንገድ በተዘጋ ቁጥር ስንቅ ይቋረጣል፤ ስንቅ ከተቋረጠባቸው መካከል ቀድመው ወደ ቤት የሚጠሩት ደግሞ ልጃገረዶች ናቸው።

በሌላ በኩል አዳሪ ትምህርት ቤት የሚለው ሐሳብ ዳግም ትኩረት አግኝቷል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3 ነጥብ 3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲገለጽ፣ ከፍተኛ ውጤት ካስመዘገቡት መካከል አዳሪ ትምህርት ቤቶች ጎልተው ታይተዋል። በአዲስ አበባ የእቴጌ መነን ስም ተመልሶ የልጃገረዶች አዳሪ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በከተማ አስተዳደሩ ሥር ሥራ ጀምሯል። ከሸዋ ሮቢት ከመቶ ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ርቀት በደብረ ብርሃን አቅራቢያም ኃይለ ማናስ አካዳሚ የተባለ አዳሪ ትምህርት ቤት ተከፍቷል።

የአዲሶቹ አዳሪ ትምህርት ቤቶች መግቢያ በዋናነት የፈተና ውጤት ነው። ይህ ጎበዞችን ለማብቃት ተገቢ ነው። ነገር ግን ማደሪያ ለልጃገረዶች የተፈለገበት የመጀመሪያው ምክንያት ርቀት እንጂ ውጤት አልነበረም። ከትምህርት ቤት የ20 ኪሎ ሜትር መንገድ ርቃ የምትኖር፣ ውጤቷ መካከለኛ የሆነ ልጅ በውጤት ሚዛን ስትመዘን ትወድቃለች። ማደሪያ ቢኖራት ግን ውጤቷ ይሻሻል ነበር። የመምረጫ መስፈርት የሚያወጡ የትምህርት ቢሮ ባለሙያዎች ርቀትን እንደ አንድ ነጥብ ቢይዙት ኖሮ፣ ተጠቃሚዎቹ አሁን ካሉት የተለዩ ይሆኑ ነበር ማለት ይቻላል።

ለቆላው ወረዳ የሚያስፈልገው ደግሞ ሙሉ አዳሪ ትምህርት ቤት ላይሆን ይችላል። ባለው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ ወይም በአቅራቢያው የሚሠራ የልጃገረዶች ማደሪያ ወጪው ይቀንሳል። መምህራኑና መማሪያ ክፍሎቹ አሉ፤ የሚጨመረው መኝታ፣ ኩሽና፣ የውሃ መስመር፣ መጸዳጃ፣ የሌሊት ጥበቃና አብራ የምታድር ሴት ተቆጣጣሪ ነው። ደናግሉ ይህን የመጨረሻውን ያለ ደመወዝ ይሠሩት ነበር፤ በመንግሥት መዋቅር ግን የሥራ መደብና በጀት ይጠይቃል። ቤተሰብ አሁን ለአከራይ የሚከፍለው ገንዘብና በየሳምንቱ የሚልከው እህል ወደ ጋራ ኩሽና ቢገባ የወጪው ከፊል ይሸፈናል። የይፋት ገበሬ ማሾና ሽንኩርት ሽጦ ጥሬ ገንዘብ የሚያገኝበት ወቅት የታወቀ በመሆኑ የክፍያውን ጊዜ ከምርት መሰብሰቢያው ጋር ማጣጣም ይቻላል።

የእምነት ጉዳይም አብሮ የሚታሰብ ነው። በአገራችን የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ከሚማሩት አብዛኞቹ የሌላ እምነት ተከታዮች ሲሆኑ፣ ወላጆች ይህን የሚቀበሉት ሥርዓታቸው እንደሚከበር ስለሚተማመኑ ነው። በይፋት ኦርቶዶክስ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ቀበሌ የሚኖሩ እንደመሆናቸው፣ የጋራ ማደሪያ ሲታቀድ ለክርስቲያንና ለሙስሊም ሥጋ የተለየ ዕቃና ማብሰያ፣ ለዐቢይ ጾምና ለረመዳን የተስተካከለ የምግብ ሰዓት ከመጀመሪያው ሊታሰብበት ይገባል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የምግብ አዳራሾች በዚህ ረገድ የዳበረ ልምድ ስላላቸው ወረዳዎች አዲስ አሠራር መፍጠር አይጠበቅባቸውም።

ለዕቅድ መነሻ የሚሆነው መረጃም በቅርብ የሚገኝ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተማሪ ሲመዘግቡ የትውልድ ቀበሌን ይጠይቃሉ፤ የሚያድሩበትን ስፍራ ግን ሁልጊዜ አይጠይቁም። በመመዝገቢያ ቅጹ ላይ «በትምህርት ወቅት የት ታድሪያለሽ? ከማን ጋር?» የሚሉ ሁለት ጥያቄዎች ቢጨመሩ፣ የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ስንት ልጃገረዶች በኪራይ፣ ስንቶቹ በዘመድ ቤት እንደሚኖሩ ከመስከረም ወር ሳይወጣ ያውቃል።